ከመጋላ ወጌሻ ቤት እስከ ጀሶ ክፍል

ቤዛዬ፣ የልጅ ልጄ፣ የፈተና መጽሐፍሽን ወደዚያ በይና እኔ የምልሽን ጻፊ። እንዳለ ጻፊው ግን! እያሳመርሽ የሌላ ሰው አፍ እንዳታደርጊብኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፍ ግን አለኝ፣ ተመስገን።

ነገሩን የቆሰቆስሽው አንቺ ነሽ። ትናንት የአጥንት ስም በፈረንጅ አፍ ስትሸመድጂ ሥዕሉን አሳዪኝ አልኩሽ፣ አሳየሽኝ። ኸረ የጭን አጥንት! ራሱ ድብልብል፣ አንገቱ ዘንበል ያለ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ታች ሲደርስ ሁለት ጉብታ። ልቤ ዘለለ እኮ! የድሮ ጎረቤቴን ገበያ መሀል ያገኘሁት ነው የመሰለኝ። አንቺ ደግሞ «እማዬ፣ ይሄን የት ታውቂዋለሽ?» አልሽኝ። የት አውቀዋለሁ! ዕድሜዬን የጨረስኩት በሱ ላይ አይደል?

ከሐኪም ቤት ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የሰፈር ሰው ግን ወለም ሲለው እኔ ጋ መምጣቱን አልተወም ነበር። ዘንድሮ የሁለቱም እጄ አውራ ጣት ከሥሩ አብጦ እምቢ አለ። ድስት እንኳን አያነሳልኝም። መጋጠሚያው ተበልቷል፤ ያ ነጩ የሚያንሸራትተው ነገር አልቆ አጥንት ባጥንት ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፣ ሲር ሲር ይላል። የስንቱን ሰው መጋጠሚያ ስመልስ ኖሬ የራሴ ከዳኝ። እንግዲህ ሥራው በእጄ አልቋል፣ በአፌ ይቀጥል።

የተወለድኩት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። አባቴ ከደጋ መጥቶ ባቡር ጥገና ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ባሌም፣ ማለት አያትሽ፣ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ። እኔ ልጅ አሳዳጊ፣ ሌላ ምንም አልነበርኩም። አንድ ቀን ውሃ ተሸክሜ የደቻቱን ወንዝ ስሻገር አዳለጠኝና በትከሻዬ ወደቅኩ። ትከሻዬ ክብነቱ ጠፍቶ እንደ ሳጥን ጥግ ሾለ። እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ። ጎረቤቶቼ ደግፈው መጋላ ሰፈር ወሰዱኝ፣ አዴ ሙሚና ቤት።

አዴ ሙሚና ወጌሻ ናት። ኦሮሞ ናት፣ አዴ ማለት በነሱ እማማ እንደማለት ነው፤ ሶማሌኛውንም ሐረሪኛውንም አማርኛውንም ትናገራለች፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። ቀጭን ረጅም ሴትዮ፣ እጇ ግን እንደ ወንድ ሰፊ። አንቱ ምናምን አትወድም፤ ድሬ እንደምታውቂው ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው።

«እንዴት ወደቅሽ?» አለችኝ።

«አዳለጠኝ።»

«ኸረ አቦ! ለምን ወደቅሽ መች አልኩሽ? እንዴት? እጅሽ የት ነበር? እንስራው በየት በኩል ሄደ? ቁሚና አሳዪኝ!»

እያለቀስኩ ቆሜ አወዳደቄን አሳየኋት። ከዚያ ደህነኛውን ትከሻዬን ትዳብሳለች። «የታመመው ይሄኛው ነው» ብላት፣ «ዓይን አለኝ እኮ! የታመመው ድሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረኝ ግን ወንድሙ ነው» አለችኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ደህነኛውን ዙሪያውን ዳብሳ ስትጨርስ ነው የታመመውን የነካችው።

አስቀመጠችኝ። ክንዴን ይዛ ወሬ ጀመረች።

«ሰርግሽ ላይ ስንት በሬ ጣላችሁ?»

«ኸረ በሬ የለም፣ በግ ነው።»

«በግ! ለእንዲህ ያለች ቆንጆ በግ? ባልሽ ቋጣሪ ነው እንዴ?»

ተናደድኩ። አያትሽ ደግሞ ቋጣሪ አልነበረም! ልመልስላት አፌን ስከፍት ክንዴ ለካ ሳላውቀው ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ውጭ፣ ቀስ እያለ እየሄደ ነበር። ቀጭ! ገባ። ሕመሙ መብራት እንደሚጠፋ ጠፋ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይደርቅ «ምን አድርገሽው ነው? አሳዪኝ!» አልኳት።

«ላሳይሽ? ሌላኛውን ልንቀልልሽና እዪው?» ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው።

እንዲህ ነው የገባሁት። ለምስጋና ስኳር ይዤ ሄድኩ፣ ቁጭ ብዬ ሳያት ዋልኩ። በነጋታውም ሄድኩ። ልጆቹን ከእናቴ ጋ እየተውኩ መመላለስ ሆነ። አንድ ቀን «እንግዲህ መቀመጫ ካጣበብሽብኝ አይቀር ያዢልኝ» አለችኝ። መያዝ ማለት እሷ ከታች ስትስብ በሽተኛውን ከላይ አጥብቆ መያዝ ነው። ቀላል እንዳይመስልሽ። ያዡ ከተንቀሳቀሰ ሳቢው ምንም አይደለም።

ያስተማረችኝ በሥጋ ቤት አጥንት ነው። የፍየል፣ የበሬ፣ የግመል። «ሰውን ከውስጥ አታዪውም፤ በእጅሽ ነው የምታዪው። እጅ ደግሞ መጀመሪያ ዓይን ያላየውን አያውቅም» ትላለች። አጥንቱን ቀቅላ፣ ሥጋውን ግጣ፣ መጀመሪያ አገላብጬ እንዳየው ትሰጠኛለች። ከዚያ ዓይኔን በሻሽ ታስርና እጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች። «ምኑ ነው? የቀኝ ነው የግራ? ላዩ የቱ ነው፣ ታቹ የቱ?» ከተሳሳትኩ በዚያው አጥንት ጉልበቴን ኳ! «አሁን ይሄኛውን አጥንትሽን አወቅሽው» ትላለች።

ቤዛ፣ ረጅም አጥንት ምን ያለ ተአምር መሰለሽ! መሀሉ ቱቦ ነው፤ ዳሩ እንደ ድንጋይ፣ ውስጡ መቅኔ። ጫፍና ጫፉ ግን ሰፋ ይላል፤ ሰብረሽ ብታዪው እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ አልኳት። «ቱቦው ሸክም ይችላል፣ ዳቦው ምት ያበርዳል። ስትዘዪ ጉልበትሽ ለምን የማይፈርስ መሰለሽ?» አለችኝ። ገና ከታረደ የፍየል ጉልበት ላይ ጫፉን ብትነኪው ደግሞ ነጭ ሽፋን አለው፤ ጣትሽ ብርጭቆ ላይ ቅቤ እንደ ቀባሽ ፍስስ ብሎ ይሄዳል። የኔ አውራ ጣት ያጣው እሱን ነው።

ትከሻና ዳሌን ያስረዳችኝ በኳስና በሳህን ነው። ትከሻ ማለት ኳስ ዝርግ ሳህን ላይ ነው፤ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ግን ቶሎ ይወልቃል። ዳሌ ኳስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው፤ ብዙ አይዞርም፣ ግን ከነጭራሹ መውጣት አይወድም፣ ከወጣም መመለሱ መከራ ነው። የክንድሽ ሁለቱ አጥንቶች ደግሞ አሉልሽ! መዳፍሽ ወደ ላይ ሲሆን ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ስትገለብጪው አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። እስቲ እስክሪብቶውን አስቀምጪና እጅሽን ገልብጪው። በሌላ እጅሽ ያዢው! ተሰማሽ? አየሽ ስትስቂ! እኔም እንዲሁ ነው ያደረገኝ። በዚያ ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንድህን ገልብጠው እያልኩ መከራውን አሳየሁት፤ አያትሽ «ሴትዮዋ አበደች» አለ።

ክርን ላይ ያስተማረችኝ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ክርንሽን ስታጥፊ ከኋላ ሦስት ጉብታ ታገኛለሽ፤ ሁለቱ ከጎንና ከጎን፣ አንዱ ጫፉ ላይ። «ይሄ ሦስት ጉልቻ ነው» አለችኝ። «ልጅ ወድቆ ክርኑ አብጦ ሲመጣ እብጠቱን አትፍሪው፣ ጉልቻውን ፈልጊ። ጉልቻው ከተበተነ ወልቋል። ጉልቻው እንደ ቆመ ከሆነ ክርኑ ደህና ነው፤ የተሰበረው ከሱ ከፍ ብሎ ነው።» እኔ ይሄን ስሰማ እቤቴ እስክደርስ መሮጥ አማረኝ፣ የሁሉንም ልጆቼን ክርን ልይ!

ቤቴ አጥንት ሞላ። ግመል አልበላም መቼስ፣ ክርስቲያን ነኝ፣ አጥንቱን ግን እንደ ዳዊት ነበር የምደግመው። የንስሐ አባቴ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ የግመል የጭን አጥንት መስኮቱ ላይ ቆሟል። ቀጥ ብለው ቀሩ። «ወለተ ማርያም፣ ይሄ የምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ እኔ ደስታዬ ሌላ፣ «አባ፣ ግመል ነው! አንገቱን ይዩልኝ እንዴት ዘንበል እንዳለ!» አልኳቸዋ። ጸበሉን ሁለቴ ረጩኝ። ሰፈሩ ደግሞ ግመል ትበላለች ብሎ ማኅበር ላይ ሳህኔን ለብቻ አደረገብኝ። ኋላ የመሪጌታው ሚስት ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ሲወልቅ ሳህኔ ተመለሰ።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ቀበሌ መጣ። ሊቀመንበሩ አዴ ሙሚና ደጅ ቆሞ «ወጌሻነት ያሮጌው ሥርዓት ኋላ ቀር ልማድ ነው» አላት።

«ጓድ» አለችው፣ «ባለፈው ቁርጭምጭሚትህን ሳሽልህ አሮጌው ሥርዓት ነበር እንዴ የሚያነክሰው?»

ሰው ሲስቅ እሱም ሳቀ፣ ነገሩም በሳቅ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሆነ። ቁስለኛው በመኪና በመኪና ይመጣ ጀመር። ሐኪም ቤቱ ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ተኛ። ቀበሌው ሴቶችን ለጽዳትና ለሸክም ሲመድብ እኔም ተመደብኩ። ቃሬዛና ባልዲ፣ ሌላ ሥራ የለኝም።

እዚያ አንድ ኩባዊ የአጥንት ሐኪም ነበር፣ ዶክተር ራሞን የሚሉት። ጺማም፣ ሆዳም፣ ሳቂታ። አንድ ቀን ጭኑ የተሰበረ ወታደር ከቃሬዛ ወደ አልጋ ስናሻግር እኔ እጄን ከስብራቱ በላይና በታች አድርጌ እግሩን እንዳለ አነሳሁት። ልጁ አልጮኸም። ሐኪሙ አየኝ። አስተርጓሚውን ጠርቶ «ማን አስተማራት?» አለ። «አዴ ሙሚና» ስል አስተርጓሚው ግራ ገብቶት «ሙሚና የሚባል ትምህርት ቤት» ብሎ ነገረው መሰለኝ፣ ሐኪሙ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ ባልዲዬን አስጥሎ ጀሶ ክፍል አስገባኝ። ጀሶ ሲያስር እግር ያዥ ሆንኩ። ኋላ ቅጥር ሆንኩ፤ ደሞዙ ለሽንኩርትና ለሳሙና ነው፣ ይለፍ።

የዚያን ሰሞን ነው ያሳየኝ። ከጥግ ቁም ሳጥን ውስጥ ከፍቶ፣ ቤዛ፣ ሰው! አጥንት ብቻውን፣ በሽቦ ተያይዞ የቆመ ሰው! ስንት ዓመት ሙሉ በሥጋ ላይ በጨለማ የዳበስኩት ሁሉ በብርሃን ቆሞልኛል። እጄን ሰደድኩ። ሦስቱ ጉልቻ አሉ! የክንዱን አጥንት ገለበጥኩት፣ ተሻገረ! ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እልልልል አልኩ። ሐኪም ቤት ውስጥ! ነርሷ ሮጣ መጣች፣ «ሰው ወለደ እንዴ?» አለች። ያን ጊዜ ነው ያጥንቱ ባለቤት የሰው ልጅ እንደነበር ትዝ ያለኝ፤ አፍሬ አማተብኩ። ዶክተር ራሞን ግን እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

ከሱ ጋ ቋንቋ የለንም፣ ግን በአጥንት እንግባባለን። እሱ «ሱአቬ» ይላል፣ ቀስ ማለቱ ነው። እኔም አማርኛውን ትቼ ሱአቬ እላለሁ። አንድ ቀን የአንድ ሕፃን የክንድ ራጅ አሳየኝ፤ ከአጥንቱ ጫፍ ጋ ክፍተት አለው። «ተሰብሯል!» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ። ራሱን ነቀነቀ። አይደለም ማለቱ ነው። የሌላኛውን፣ የደህነኛውን እጅ ራጅ አወጣ። እዚያም ያው ክፍተት! ለካ ማደጊያው ነው! ልጅ አጥንቱ የሚረዝመው ከመሀሉ አይደለም፣ ከጫፉ ነው፤ ያ ክፍተት ገና አጥንት ያልሆነ ለጋ ነው። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው። እሱም የታመመውን የሚያውቀው በደህነኛው ነው! ያን ቀን ማታውን ሳልጠብቅ መጋላ በረርኩ። አዴ ሙሚና ሰምታ ስትጨርስ «እንግዲያ ሰውዬው ወጌሻ ነዋ!» አለች።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ።

ዶክተር ራሞን አገሩ ተመለሰ። የጀሶ ክፍሉ አለቃ ጋሽ ግርማ ሆነ። ጥሩ ባለሙያ ነው፤ እሱ ያሰረው ጀሶ እንደ ተወለወለ ግድግዳ ነው። ሕጉ ግን አይነቃነቅም፤ የታሰረ ጀሶ ሐኪም ሳያዝ ማንም አይከፍትም። ጅብሪል የሚባል የባቡር ጣቢያ ኩሊ ነበር፣ ጎረምሳ፣ እየዘፈነ ኩንታል የሚሸከም። የተቆለለ ጆንያ ተንዶበት ቅልጥሙ ተሰበረ። ቅዳሜ ጠዋት ጀሶ ታሰረለት። እኔ ነኝ የያዝኩት፤ አጥንቱ ክር የመሰለ ቀጥ አለ፣ ኮራን። ከሰዓት በኋላ «ያቃጥለኛል፣ ክፈቱልኝ» ይል ጀመር። ለጋሽ ግርማ ነገርኩት። «ስብራት ያማል፣ ሐኪሙ ሰኞ ይገባል» አለና ማስታገሻ ሰጠው። እሑድ ስመጣ ዝም ብሏል። «ተሻለህ?» ስለው «አሁንስ አያመኝም» አለኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ብርቱካን ገዛሁለት።

ሰኞ ሲከፈት እግሩ በውስጥ አብጦ፣ ጀሶው ደም ሥሩን አንቆት ቀዝቅዟል፣ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሲቆረጥ የያዝኩትም እኔ ነኝ። አጥንቱ እኮ እንደ ክር ቀጥ እንዳለ ነበር! አጥንቱን አድነን እግሩን ገደልነው። ጋሽ ግርማ ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ነው በየሰዓቱ ጣት እየነካ የሚዞረው፤ ጥፍሩን ጫን ሲያደርጉት ይነጣል፣ ሲለቁት ደም ካልተመለሰ ጀሶው ይቀደዳል፣ ሐኪም ኖረም አልኖረም። ያ እግር ግን አልተመለሰም። ለካ «አያመኝም» ያለው እግሩ ሞቶ ነው፤ እኔም ያን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ጥፍር ሳልጫን አላልፍም።

ይሄን ለአዴ ሙሚና ስነግራት አዘነች፤ ግን «ያ የጀሶ ነገር ነው። የኔ ሸምበቆ ይተነፍሳል» አለችኝ። እሷ የምታስረው በሸምበቆ ስንጥርና በጥጥ ነው፣ በላዩ መቀነት። እውነቷን ነው፣ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ ውጭ ነው የምትተወው። 

እንግዲህ አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በከፊራ ገበያ በኩል ሳልፍ ከዲጃ ጠራችኝ። ከዲጃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ የአዴ ሙሚና ሰፈርተኛ። ልጇ ዘሃራ ከአንድ ቀን በፊት ከሮቃ ዛፍ ወድቃ ክርኗን ተሰብራ፣ አዴ ሙሚና አስራላት ነበር።

«ግቢ አቦ፣ ልጅቷን እያት» አለችኝ ከዲጃ። «ሌሊቱን ስትጮህ አደረች፤ አሁን ግን አልሐምዱሊላህ ዝም ብላለች። አያመኝም ትላለች።»

ሮጬ ገባሁ።

ዘሃራ ደክሟት ዓይኗን ጨፍና ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። እጇ አይታይም። ከዲጃ የአዴ ሙሚናን እስር ከላይ በቀይ ጨርቅ እስከ ጣቷ ጫፍ ድረስ ጠቅልላዋለች፤ ጠበቅ አድርጋ፣ በላዩ ሂርዚ፣ ክታብ ማለት ነው፣ አስራ። መጋላ እንዲህ ነው ልማዱ፤ የተሰበረ ነገር ሰው ዓይን ካየው አይጋጠምም ይላሉ። የኛም ሰው ቡዳ ይበላዋል ብሎ ይሸፍናል፣ አንድ ነን። አዴ ሙሚና ጣቱን ውጭ ትታ ነበር፣ እናት ደግሞ ለፍቅሯ ሸፈነችው። ክርኑ በውስጥ ያብጣል፣ ጨርቁ አይለቅም።

ቀዩን ጨርቅ ልፈታ እጄን ስሰድ ከዲጃ ያዘችኝ፤ ተለማምጬ ፈታሁት። ጣቶቿ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛሉ። ጥፍሯን ጫን አልኩ፣ ለቀቅኩ። እንደ ነጣ ቀረ። መቀነቱ ራሱ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሟል።

«መቀስ አምጪ» አልኳት።

የተሰበሰቡት ሴቶች ጮኹ። «የአዴ ሙሚናን እስር? እሷ ሳታይ?» አንዷማ «ያስተማረችሽን ሴትዮ!» አለችኝ። ነገሩ ይገባሻል ቤዛ? ወጌሻ ያሰረውን ሌላ ወጌሻ አይፈታም። ፈታሽ ማለት በገበያ መሀል ሻሿን ገፈፍሽ ማለት ነው። ያውም እኔ! እጄን እጅ ያደረገችው እሷ። ከዚህ በኋላ ቤቷ ላልገባ እችላለሁ። ግን የጅብሪል እግር ዓይኔ ላይ ቆሟል።

«አንዷ ሩጪና ጥሪያት። እኔ ግን አልጠብቅም» አልኩ። አዴ ሙሚና አርጅታለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ሁለት ቅያስ ለሷ ሩቅ ነው።

መቀሱን ያዝኩ። ከጣት በኩል ጀምሬ ቆረጥኩ። ክንዷ መሀል ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ በላይ ያለው የሷ ቋጠሮ ነው፣ እሷ ብቻ የምትቋጥረው። መቁረጥ አቃተኝ።

ያን ጊዜ በሩ ላይ ምርኩዝ ኳ አለ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ ነኝ አዴ።»

ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጣት በእጇ ጀርባ ነካችው።  ዓይኗ ደክሟል፣ ጥፍሩን ወደ ብርሃን ይዛ ተጫነችው፣ ለቀቀችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ለምንድን ነው ግማሹን የተውሽው?»

«አንቺን ፈርቼ።»

«እኔን? ልጅቷ እጅ ልታጣ ነው፣ አንቺ እኔን ትፈሪያለሽ? አምጪ መቀሱን!»

ምርኩዙን ወረወረችው። የራሷን ቋጠሮ በራሷ እጅ ቀደደችው። ሸምበቆው ሲነሳ የልጅቷ ክንድ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ ክርኗ አጥብቆ ታጥፏል።

«እንዘርጋው» አልኳት። «ሲታጠፍ ደም ሥሩ ይታነቃል፣ ሐኪም ቤት አይቻለሁ።»

«ከዘረጋነው አጥንቱ ይሸሻል።»

«ይሸሻል።»

አጠገቤ ቁጭ አለች። «ይሽሽ! በኋላ እናሳድደዋለን። ደም ይቅደም። ያዢ!»

ከላይ ያዝኩ፣ እሷ ከታች ሱአቬ፣ ሱአቬ ዘረጋችው። ከዚያ መጠበቅ። ከዲጃ ቁርኣን ትቀራለች፣ እኔ በልቤ ገብርኤልን እማጠናለሁ፣ አዴ ሙሚና ደግሞ ሁለታችንንም «ቀስ በሉ፣ ልጅቷን አታስፈሯት» ትለናለች። ጥፍር እጫናለሁ፣ እለቃለሁ። ነጭ። እጫናለሁ፣ እለቃለሁ። ነጭ። ላቤ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል።

ኋላ ለእንዲህ ያለ ነገር ረግጣው ወደማታውቀው ሐኪም ቤት አዴ ሙሚናም አብራን በታክሲ ሄደች፤ ጋሽ ግርማ ወንበሩን ለቆላት ከጎኗ ቆሞ አሰረ። የዘሃራ ክርን ትንሽ ጠመም እንዳለ ቀረ፣ ሦስቱ ጉልቻ ግን ደህና ናቸው። ዛሬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰርግ ልብስሽን እሷ ናት የምትሰፋው፣ ቃል አስገብቻታለሁ። አዴ ሙሚናም ከዚያ ወዲያ ያሰረችላቸውን እናቶች ሁሉ «ጣቱን የሸፈነች ጠላቴ ናት» ትላቸው ነበር።

ይሄ ሁሉ ግን ገና አልመጣም። እኛ ገና ምንጣፉ ላይ ነን። ደግሜ ተጫንኩ። ለቀቅኩ። ከጥፍሯ ሥር አንዲት የሽንኩርት ልጣጭ የምታክል ሮዝ ነገር ተነሳች። ዓይኔን አላመንኩም። ሌላኛውን ጣት። እሱም! አዴ ሙሚና ዓይኗ ስላልደረሰላት የልጅቷን ጣት የራሷ ከንፈር ላይ አስነካችው፣ ሙቀቱን ፈልጋ። ዘሃራ ያኔ ነቃች።

«ጉንዳን! እጄ ላይ ጉንዳን!» ብላ ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

ከዲጃ ልጄን ገደላችሁብኝ ብላ ተነሳች። አዴ ሙሚና ግን እንደ ልጅ እያጨበጨበች «ጩሂ! ጩሂ የኔ እናት! አመመሽ? እንኳን አመመሽ!» ትላለች። እኔ ቸኩዬ ጥፍሯን እንደገና ልጫን ስል፣ ያቺ እጅ፣ ያቺ ቅድም እንደ ድንጋይ የነበረችው እጅ፣ ተንቀሳቀሰች። ዘሃራ በሁለት ጣቷ የክንዴን ሥጋ ይዛ ጥምዝዝ አድርጋ ቆነጠጠችኝ።

«አንቺ ነሽ የምታሳምሚኝ!» አለችኝ።

ቤዛዬ፣ ብዙ ነገር ተሸልሜያለሁ፣ ጡረታ ስወጣም ጋቢ አልብሰውኛል። እንደዚያ ቁንጥጫ ያለ ግን አላገኘሁም። «ቆንጥጪኝ እሜቴ፣ በርቺ፣ አጥብቂው!» እያልኩ ክንዴን ሰጠኋት።